ስቲኩን ስትለቁት ምን ይሆናል?

በሪሞት የሚበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ሊገዛ ያሰበ ሰው “የመጀመሪያ ሄሊኮፕተሬ የትኛው ይሁን?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል። የአንድ ሞዴል ስም ይጠራል፣ ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል። በቅርቡ እንዲህ ያለ ምልልስ ሰማሁና ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። የተጠራው ሞዴል ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥሩ የሚባል ነው። የከነከነኝ መልስ ሰጪው መልሶ አንዲት ጥያቄ እንኳ አለመጠየቁ ነው። የሚበርበት ቦታ ሳሎን ነው ወይስ ሜዳ? ነፋስ አለ? ክንፉ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይገኛል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አብራሪው ግራ ገብቶት እጁን ከስቲኩ (ከሪሞቱ መንጃ ዘንግ) ላይ ሲያነሳ ሄሊኮፕተሩ ምን ያደርጋል?

ስለ ጀማሪ ሄሊኮፕተር መታወቅ ያለበት ነገር አብዛኛው በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ያለ ይመስለኛል። ካርቶኑ ላይ ስለ ፍጥነት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ቻናል (ከሪሞቱ ለየብቻ ስለሚታዘዙ እንቅስቃሴዎች) ብዛት ተጽፏል። ቪዲዮው ላይ ሄሊኮፕተሩ ተገልብጦ የሣሩን ጫፍ እየነካ ይበራል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ገደሉ ያለው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ባትሪ በረራ ላይ ነው፤ ስሙም ይታወቃል።

## አፍንጫው ወደ እናንተ የዞረ ጊዜ

ጀማሪ ሄሊኮፕተሩን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ጭራውን ወደ ራሱ ያደርጋል። አፍንጫው ወደ ፊት ያያል፣ ሰውየውም ወደ ፊት ያያል፤ የሁለቱም ግራ አንድ ነው። ስቲኩ ወደ ግራ ሲገፋ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ይርቃል። ሦስት አራት ባትሪ ካለቀ በኋላ እጅ ይለምዳል፣ ልብም ይሞላል። ከዚያ ነፋስ ገፍቶትም ይሁን አውራ ጣት ስቶ ጭራው ይዞርና አፍንጫው አብራሪውን ፊት ለፊት ያየዋል።

አሁን የሄሊኮፕተሩ ቀኝ የእናንተ ግራ ሆኗል። ወደ ግራችሁ ሲንሸራተት እጃችሁ እንደለመደው ወደ ቀኝ ይገፋል። ሄሊኮፕተሩ ግን ትእዛዙን የሚሰማው በራሱ ቀኝ ነው፤ ቀኙ ደግሞ እየሸሸ ያለበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ይፈጥናል። እጅ ደንግጦ አብዝቶ ይገፋል፣ እሱም አብዝቶ ይፈጥናል። ከመጀመሪያው ስህተት እስከ ግድግዳው ድረስ አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ቢኖር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ “ቆይ፣ አሁን ግራው የት ነው?” ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የሚያባብሰው ደግሞ ትንሽ ሄሊኮፕተር ስምንት ወይም አሥር ሜትር ሲርቅ ፊቱና ኋላው መመሳሰሉ ነው። ጥቁር አካል ያለው ሄሊኮፕተር ከብሩህ ሰማይ ጋር ሲታይ ጥላ ብቻ ይሆናል፤ እየመጣ ይሁን እየሄደ አይለይም። የአካሉ ሽፋን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆነውን መምረጥ የውበት ጉዳይ አይደለም። ጥቁሩ ብቻ ካለ ጭራው ላይ ደማቅ ቴፕ መለጠፍ ይረዳል፤ ሚዛኑን እንዳያዛባ ግን ትንሽና ቀላል ይሁን።

ለዚህች ሰከንድ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ አፍንጫው ወደ እናንተ ሲሆን ስቲኩን ወደሚሸሽበት ግፉት። ወደ ግራችሁ ከሸሸ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኛችሁ ከሸሸ ወደ ቀኝ። ወደ እናንተ ከመጣ ደግሞ ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። የሚወድቀውን ጎን ከሥሩ በስቲክ እንደ መደገፍ ነው። ዘዴው የሚሠራው ፊት ለፊት ሲተያዩ ብቻ ነው፤ አፍንጫው ወደ ጎን ሲሆን ሌላ ሒሳብ ይመጣል። “ራስህን ኮክፒቱ ውስጥ እንደተቀመጥክ አድርገህ አስብ” የሚል ምክርም አለ። ለሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ለሚደረግ የማብረር ልምምድ) ጥሩ ይሆናል፤ ግድግዳ እየቀረበ ሳለ ግን በሐሳብ ኮክፒት ውስጥ ገብቶ መቀመጥ የሚችል ጀማሪ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት የሚያድነው ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ የተደረገ እንቅስቃሴ ነው።

ሄሊኮፕተሮቹን የምመዝነውም በዚህችው ሰከንድ ነው። አፍንጫው ዞሯል፣ እጅ ተሳስቷል፣ አብራሪው ተስፋ ቆርጦ ስቲኩን ለቋል። እያንዳንዱ ዓይነት ምን ያደርጋል?

## እጅ ሲለቃቸው

ኮአክሲያል የሚባለው ሁለት ክንፎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩበት ነው። አንዱ ክንፍ አካሉን ሊያዞር ሲታገል ሌላው ስለሚመልሰው ያን መዞር የሚገታ የጭራ ክንፍ አያስፈልገውም። ከላይ ጫፎቿ የከበዱ ዘንግ አለችው፤ ፍላይባር ትባላለች። እየተሽከረከረች የክንፉን ዝንባሌ ታቃናለች። ስቲኩን ስትለቁት ፍጥነቱ ቀስ እያለ ይሞታል፣ ባለበት ይቆማል፣ ይጠብቃችኋል። የታወቀው ሲማ ኤስ107ጂ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሦስት ቻናል አለው፤ ይወጣል ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ጭራው ላይ ባለችው ወደ ላይ በምታይ ትንሽ ክንፍ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል።

ወደ ጎን መሄድ ግን አይችልም። (ካርቶን ላይ “3.5 ቻናል” የሚል ካያችሁም ያቺ ግማሽ ቻናል ወደ ጎን አታበርም።) አፍንጫው ሲዞር ጀማሪን የሚጥለው ወደ ጎን መንሸራተት ከሆነ፣ ይህን የማያደርግ ሄሊኮፕተር ትምህርቱን አይሰጥም ማለት ነው። ኤስ107ጂ የሚታዘዘው በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን) ስለሆነ ፀሐይ ላይ ትእዛዝ ይጠፋበታል። ነፋስ ደግሞ የኮአክሲያል ሁሉ ጠላት ነው፤ የሚያረጋጋው ያው ባሕርዩ ወደ ፊት አጎንብሶ ነፋስን እንዳይሰነጥቅ ስለሚይዘው ለስላሳ ነፋስ እንኳ ይዞት ይሄዳል። ለልጅ ስጦታ መልካም ነው። ሄሊኮፕተር ማብረር ለመማር ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ቀን ያስደስተዋል፣ በሦስተኛው ይሰለቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለ አንድ ክንፍ፣ አራት ቻናል ያለው፣ ፊክስድ ፒች ነው። የክንፉ ማዕዘን አይለወጥም፤ ከፍና ዝቅ የሚለው ክንፉ ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። የደብልዩኤልቶይስ ቪ911 የዚህ ዓይነት የታወቀ ምሳሌ ነው። ፍላይባሩ ከክንፉ ጋር 45 ዲግሪ ሠርቶ ይቀመጣል፤ በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ስቲኩ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ራሱን ያቃናል። ቪ911ኤስ የሚባለው ታናሹ ፍላይባሩን ጥሎ ሥራውን ለኤሌክትሮኒክስ ሰጥቷል።

በዚያች ሰከንድ ፊክስድ ፒች ይንሸራተታል፣ ግን አይገለበጥም። ደንግጣችሁ ስሮትሉን (ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ስቲክ) ወደ ታች ብትስቡት ክንፉ ይዘገያል፣ ሄሊኮፕተሩ እንደ ቅጠል ባይሆንም ሳይበረታ ይወድቃል። ክብደቱ ጥቂት አሥር ግራም ስለሆነ አንስታችሁ አቧራውን ታራግፉለታላችሁ። ወደ ጎን ስለሚሄድ አፍንጫውን ወደ ራስ አዙሮ የማብረር ትምህርቱም እውነተኛ ነው። ያለበት ጉድለት መዘግየቱ ነው። ስሮትል ስትጨምሩ ሞተሩ ክንፉን እስኪያፈጥነው ድረስ ጊዜ ያልፋል፤ ስለዚህ ወደ መሬት ሲወርድ የሚመጣውን ቀድማችሁ ጉልበት መስጠት ያስፈልጋል። ፍጥነት ሲይዝ ወይም ነፋስ ከፊት ሲመታው ደግሞ አፍንጫውን አንስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ታች የሚገፋበት መንገድ ስለሌለው ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ሽቅብ ሸሽቶ ሊያመልጥ ይችላል።

አሁን አሁን ደግሞ አራት ቻናል ሆነው ከፍታቸውን በአየር ግፊት መለኪያ የሚይዙ ብዙ መጥተዋል። የስሮትሉ ስቲክ ስፕሪንግ አለው፣ ሲለቀቅ መሐል ላይ ይቆማል፣ ሄሊኮፕተሩም ባለበት ከፍታ ይቆያል። ስለነዚህ ሁለት ልብ ነኝ። ከፍታን ለማሽኑ ትተው አቅጣጫን ብቻ መማር በእውነት ሸክም ያቀልላል፤ አፍንጫው ዞሮ ሲንሸራተት ቢያንስ መሬት አይመጣባችሁም። በሌላ በኩል የግራ አውራ ጣት ምንም አይማርም። ከዚህ ወደ ኮሌክቲቭ ፒች (የክንፉ ማዕዘን ወደሚለወጠው ዓይነት) የሚሸጋገር ሰው ስሮትሉን ከዜሮ ይጀምራል፤ “ስቲኩ መሐል ከሆነ ይቆማል” የሚለውን ልማድ መርሳት ደግሞ ምንም ከማያውቅ ሰው ይብስበታል። ቤት ውስጥም በርና መስኮት ሲከፈት የአየር ግፊቱ ስለሚለዋወጥ በድንገት ወደ ጣሪያ ሊዘልል ይችላል።

የመጨረሻው ኮሌክቲቭ ፒች ነው፤ ብዙ ሰው “እውነተኛ ሄሊኮፕተር” የሚለው። ክንፉ ሳይዘገይ በአንድ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ የሚለወጠው ማዕዘኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ወደ ላይ፣ እንዲሁም ያንኑ ያህል ወደ ታች ይሄዳል፤ ተገልብጦ የሚበረውም ለዚህ ነው። ትእዛዝ ሲሰጠው ወዲያው ይመልሳል፣ ነፋስም ይቋቋማል።

ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ከኤሌክትሮኒክስ እርዳታ ውጭ ስቲኩን ስትለቁት አይቃናም፤ ያዘነበለበትን ማዕዘን እንደያዘ ወደዚያው ይሄዳል፣ እየሄደም ይፈጥናል። የበለጠ የሚያሰጋው የድንጋጤው እጅ ነው። ለአክሮባት በተዘጋጀው የበረራ ሁኔታ ላይ ሳላችሁ ስሮትሉን ወደ ታች ብትስቡት ሞተሩ አይጠፋም፤ ክንፉ በሙሉ ጉልበት ወደ ታች ይነክሳል፣ ሄሊኮፕተሩም ወደ መሬት ይወረወራል። በፊክስድ ፒች ያዳናችሁ ልማድ እዚህ ይሰብራል።

ነገሩን የለወጠው መዞርን የሚለካው ጋይሮ ነው። ፍላይባር በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አርተር ያንግ ለቤል ኩባንያ፣ ስታንሊ ሂለር ደግሞ ለራሱ ሄሊኮፕተሮች ከሠሯቸው የማረጋጊያ ዘንጎች የተወረሰ ነው፤ የሞዴል ሄሊኮፕተሮችም ለአሥርት ዓመታት የሁለቱን ድብልቅ ተሸክመው በረዋል። ዛሬ ያን ሥራ ከጥፍር ያነሰ ቺፕ ይሠራዋል። ባለ ሦስት ዘንግ ጋይሮ ያልታዘዘ መዞርን ይከላከላል፣ ቀናውን ግን አያውቅም። ባለ ስድስቱ የስበትን አቅጣጫ የሚያውቅ መለኪያ ስለተጨመረለት ስቲኩ ሲለቀቅ ሄሊኮፕተሩን አቅንቶ ያቆማል። እንደ ኤክስኬ ኬ110 ያሉት ትንንሽ ኮሌክቲቭ ፒቾች በአንድ ማብሪያ ከ6ጂ (ራሱን ከሚያቃናው ሁኔታ) ወደ 3ዲ (ለአክሮባት ወደሆነው) ይቀየራሉ፤ በ6ጂ ላይ ሳሉ በዚያች ሰከንድ የሚያደርጉት እጃችሁን እስክትሰበስቡ መጠበቅ ነው። ቀና ሆኖ መቆም ማለት ግን በአንድ ቦታ መቆም አይደለም። ጂፒኤስ ያለው ድሮን የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ሄሊኮፕተሩ ቀና ብሎ ሳለ በያዘው ፍጥነት መንሸራተቱን ይቀጥላል፣ ነፋስም ይወስደዋል።

ፍርዴን ከተጠየቅሁ እንዲህ ነው። ቦታው ሳሎን ብቻ ከሆነና ዓላማው መዝናናት ከሆነ፣ ትንሽ አራት ቻናል ፊክስድ ፒች። ዓላማው ሄሊኮፕተር አብራሪ መሆን ከሆነና ሲሙሌተር ላይ ለመቀመጥ ትዕግሥት ካለ፣ በቀጥታ ራሱን የሚያቃና ትንሽ ኮሌክቲቭ ፒች። ኮአክሲያልን በደረጃነት መቁጠር አያስፈልግም።

## አወዳደቁ ይታይ

“ትልቅ ሄሊኮፕተር ይረጋጋል” ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ ረጅም ክንፍና ከባድ አካል በነፋስ አይደናገጥም፣ ከሩቅም አቅጣጫው ይታያል። በዚህ ምክር ተነሥቶ የመጀመሪያ ሄሊኮፕተሩን የአላይን ቲ-ሬክስ 450 የሚያክል የሚገዛ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን። የ450 መጠን ያለው 325 ሚሊ ሜትር ክንፍ ይይዛል፤ የሚሽከረከርበት ክብ ዲያሜትር 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ ፍጥነት በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህ በሰው አጠገብ የሚለመድበት ነገር አይደለም። ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል።

ሲወድቅም አንድ ነገር ሰብሮ አያቆምም። ክንፉ መሬት ሲነካ ያ ጉልበት ሁሉ መውጫ ይፈልጋል፤ ዋናው ዘንግ ይጎብጣል፣ ክንፎቹን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ይጎብጣል፣ የዋናው ማርሽ ጥርስ ይረግፋል፣ ክንፉ ተመልሶ የጭራውን ቱቦ ይመታዋል፣ የሰርቮ (የክንፉን ማዕዘን የሚቀይሩት ትንንሽ ሞተሮች) ጥርሶችም ይከተላሉ። ጥገናው አንድ ምሽት ይበላል፣ መገጣጠሙንና ማስተካከሉን ለማያውቅ ደግሞ አንድ ሳምንት። ከ60 ግራም በታች ያለው ግን ብዙ ጊዜ ወድቆም አይሰበርም። ጀማሪ በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚወድቅ፣ በአንድ ውድቀት ምን ያህል የመለማመጃ ጊዜ እንደሚጠፋ ማስላቱ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል። በብዙ አገሮች ከ250 ግራም በታች ላሉት የምዝገባው ደንብም የላላ ነው፤ ያም ለትንሹ ይፈርዳል።

መለዋወጫ ሄሊኮፕተሩ ከመገዛቱ በፊት ይፈተሽ። የሞዴሉን ስም ከ“ዋና ክንፍ”፣ ከ“ዋና ዘንግ” እና ከ“የጭራ ሞተር” ጋር ፈልጋችሁ ለየብቻቸው የሚሸጡ ካልሆነ፣ ሄሊኮፕተሩ የሚኖረው እስከ መጀመሪያው ክፉ ቀን ነው። ከማሽኑ ጋር አብሮ መያዝ ያለበት ብዙ አይደለም፦ ሁለት ጥንድ ዋና ክንፍ፣ ሁለት የጭራ ክንፍ፣ አንድ ዋና ዘንግ ከማርሹ ጋር፣ አንድ ጥቅል ማያያዣ፣ አራት ወይም አምስት ባትሪ። ባለ መስቀል አፍ ትንሽ ካቻቢቴና ወረንጦም ከዚያው ጋር ይቀመጡ። የጭራ ሞተሩ ካርቦን ብሩሽ ያለው ከሆነ አላቂ ዕቃ መሆኑን እወቁ፤ እያረጀ ሲሄድ ስሮትል ሲጨመር ጭራው መያዝ ያቅተውና አካሉ በራሱ መዞር ይጀምራል። ብዙ ሰው ጋይሮው ተበላሸ ብሎ ይደመድማል።

ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሞተሩን ማጥፋት ነው፣ ሄሊኮፕተሩ መሬት ሳይነካ። ኮሌክቲቭ ፒች ላይ ለዚህ የተዘጋጀች ስሮትል ሆልድ የምትባል ማብሪያ አለች። ክንፉ ሣር ወይም ምንጣፍ ውስጥ ተይዞ ሞተሩ ለመዞር ከታገለ የሚቃጠለው ሞተሩ ወይም የፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው፤ ክንፍ ብቻ ይሰበር የነበረው ውድቀት ሞተርም ይበላል። ጣት ሳይታሰብ ማብሪያዋን እንዲያገኛት ሄሊኮፕተሩ ጠፍቶ ሳለ ሃያ ጊዜ መለማመድ ያዋጣል።

ከወደቀ በኋላ ወዲያው ማስነሣት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ዋናው ዘንግ ይውጣና ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይንከባለል፤ ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ጎብጧል። ማርሹን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ጥርስ ጎድሎታል። ክንፎቹ ላይ ስንጥቅ ይፈለግ፣ ትንሽም ብትሆን ይቀየሩ፤ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። የእነዚህ ሁሉ ውጤት ንዝረት ነው። ንዝረት ደግሞ ጋይሮውን ያሳስተዋል፤ ትናንት እንደ ድንጋይ የቆመው ሄሊኮፕተር ዛሬ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ካስቸገረ መጠርጠር ያለበት የጎበጠ ዘንግ ነው።

## ሪሞቱና ሲሙሌተሩ

አርቲኤፍ የሚባለው ከሪሞቱ ጋር ይመጣል፣ ቢኤንኤፍ ያለ ሪሞት። ርካሽ አርቲኤፍ ለመጀመር ይበቃል፤ ነገር ግን በትምህርቱ ሊገፋ ያሰበ ሰው ጥሩ ሪሞት ለብቻው ቢገዛ ከሄሊኮፕተር ወደ ሄሊኮፕተር ይዞት ይሄዳል። ኬ110 ኤስ-ኤፍኤችኤስኤስ የሚባለውን የፉታባ ፕሮቶኮል (ሪሞቱና ሄሊኮፕተሩ የሚነጋገሩበትን የሬዲዮ ቋንቋ) ይቀበላል። እንደ ሬዲዮማስተር ያሉት ብዙ ፕሮቶኮል የሚችሉ ሪሞቶች ደግሞ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው ሲሙሌተር ላይ እንደ ጆይስቲክ ይሠራሉ። ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባውም ለዚህ የመጨረሻ ጥቅም ነው።

ሞዱ (የትኛው ስቲክ ምን እንደሚያዝ) ከመግዛት በፊት ይወሰን። ሞድ 2 ላይ ስሮትልና የጭራ መዞር በግራ፣ ማዘንበል በቀኝ ነው፤ ሞድ 1 ላይ ስሮትሉ በቀኝ ነው። የትኛውም ከሌላው አይሻልም፤ በአካባቢው ያሉ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ይመረጥ፣ ምክንያቱም ችግር ሲመጣ ሪሞቱን ተቀብሎ የሚያድነው ሰው በዚያ ሞድ የለመደ መሆን አለበት። አንዴ ከለመዱ መቀየር እንደ ግራ እጅ መጻፍ ነው።

ሲሙሌተሩ ላይ (ሪልፍላይት፣ ኔክስት፣ ያገኛችሁት ይሁን) ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ትልቁን ሄሊኮፕተር መርጦ መገለባበጥ ነው። ለአምስት ደቂቃ ያስቃል። የሚጠቅመው ግን በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንዲት ነገር ብቻ ማድረግ ነው፦ አፍንጫውን ወደ ራስ አዙሮ ባለበት ማቆም። መከስከስ እዚያ አያስከፍልም፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይነሣል። ሪሞቱ ላይ ኤክስፖ የሚባለውን ከ20 እስከ 30 በመቶ መስጠት ስቲኩ መሐል አካባቢ ያለውን ስሜት ያለዝበዋል። ያው ቁጥር ሲሙሌተሩም ሄሊኮፕተሩም ላይ ይሁን፤ እጅ የሚማረው ስሜቱን ነውና።

## ባትሪ

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ነገር ከመጀመሪያው ግማሽ ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ በረራ ላይ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ሄሊኮፕተሩ እስኪደክመው ድረስ ማብረር ማለት እዚያ ድረስ መሄድ ነው። ስለዚህ ሰዓት ይሞላ፤ ለትንንሾቹ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ካረፈ በኋላ ሴሉ 3.7 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥሩ ነው፣ ካነሰ በሚቀጥለው ግማሽ ደቂቃ ይቀነስ።

ቻርጅ የሚደረገው በ1ሲ (ከባትሪው አቅም ጋር እኩል በሆነ አምፒር) ነው፤ 450 ሚሊአምፒር ሰዓት ለሆነ ባትሪ 0.45 አምፒር። ለሳምንት የማይበር ከሆነ ሞልቶ አይቀመጥም፣ ሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ይደር። ያበጠ ባትሪ አይበርበትም፣ አይወጋም፣ ቻርጅም አይደረግም። ቻርጀር ላይ ሳለ ሰው ይጠብቀው፣ የተቀመጠበትም የሚቀጣጠል አይሁን። አምስት ባትሪ ይኑር ማለት ደግሞ አምስቱ ተከታትለው ይብረሩ ማለት አይደለም። ብሩሽ ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች ስለሚግሉ በየባትሪው መካከል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፉ፤ ይህ ብቻ የሞተሩን ዕድሜ ያረዝማል።

## የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች

ክፍሉ ቢያንስ ሦስት በሦስት ሜትር ባዶ ይሁን፣ መስኮት ይዘጋ፣ ማራገቢያ ይጥፋ። ወለሉ ልሙጥ ይሁን፤ ምንጣፍ የሄሊኮፕተሩን እግር ይይዝና ሳይነሣ ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ሪሞቱ ይብራ፣ ቀጥሎ የሄሊኮፕተሩ ባትሪ ይሰካ፤ ሲጨረስ በተቃራኒው። ባትሪው እንደተሰካ ጋይሮው ራሱን ስለሚያስተካክል ሄሊኮፕተሩ በተስተካከለ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሳይነካ ይቀመጥ። በእጅ ይዞ የሚሰካ ሰው ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን የሚሸሽ ሄሊኮፕተር ይዞ ይውላል።

ሲነሣ አይፈራ። ብዙ ጀማሪ ከወለሉ አንድ መዳፍ ከፍታ ላይ ሊያቆመው ይታገላል፤ ዝቅ ብሎ መብረር ደህና ስለሚመስል። ከክንፉ የወረደው አየር ከወለሉ ተመልሶ ስለሚመታው ግን ያ ከፍታ በጣም የሚያንሸራትተው ነው። ቆራጥ ብሎ ወደ ወገብ ከፍታ ማውጣት ይሻላል። ባለ አንድ ክንፉ አየር ላይ ሲቆም በትንሹ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል አትደንግጡ። ክንፉ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ የሚያዘነብለው ወደ ቀኝ ነው፤ የጭራ ክንፉ ወደ ግራ የሚገፋውን የሚመክትበት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሲያርፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ በፍጥነት አይውረድ፤ ራሱ በበተነው አየር ውስጥ ይገባና ስሮትል ብትጨምሩም መስመጡን ይቀጥላል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ባትሪዎች ጭራውን ወደ ራስ አድርጎ ማቆም ብቻ ይሁኑ። ቀጥሎ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ፣ ከዚያ ሙሉ ጎን፣ ከዚያ በሌላኛው ጎን። ሁሉም ሰው አንዱ ጎን ይቀልለዋል፤ የሚከብደው ጎን ነው ባትሪ የሚገባው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህን ዘልሎ በአንዴ አፍንጫውን የሚያዞር ሰው ወለል ላይ የክንፍ ስብርባሪ ሲለቅም ይገኛል።

አፍንጫውን ማዞር ሲጀመር ከፍታ ይጨመር፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ሦስት ሜትር ያህል፣ ነፋሱም በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሲያርፍ። ባትሪው ሙሉ ሳለ በመጀመሪያው ደቂቃ ይሞከር፣ መጨረሻው ላይ ጉልበቱ ሲያንስ አይደለም። አፍንጫው ወደ እናንተ ይዙር፣ አንድ ሰከንድ ይቆይ፣ ወደ ጎን ይመለስ። ቀጥሎ ሁለት ሰከንድ። ሲምታታ ጭራውን ወደ ራስ ለመመለስ መታገል አያስፈልግም፤ በ6ጂ ላይ ስቲኩን ልቀቁትና የት እንደሚያይ እስክታውቁ ጠብቁ። አንድ ሙሉ ባትሪ ፊት ለፊት ተያይታችሁ የጨረሳችሁ ቀን ማብሪያውን ወደ 3ዲ አድርጉት። በዚያን ጊዜ ስቲኩ ሲለቀቅ የሚያቃና የለም፤ ጭራው እንደገና ወደ እናንተ ይሁን፣ ከመጀመሪያው ባትሪ ይጀመር።